በጀቱ ሲቀድም፦ በሕግ ትምህርት ለአነስተኛ የምርምር ድጎማ ስለ ማመልከት

በሕግ ትምህርት ቤቶች አዲስ የተቀጠሩ መምህራን ለአነስተኛ የምርምር ድጎማ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ወይም ለጋሽ ድርጅት በአጭር ጊዜ ለሚያልቅ ጥናት ለሚሰጠው መጠነኛ ገንዘብ፣ ለማመልከት ሲነሡ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «የትኛው ርእስ ያልፋል?» የሚል ነው። ጥያቄው የተለመደ ቢሆንም መነሻው የተሳሳተ ነው፤ የአንድ ማመልከቻ ብርታት የሚለካው ርእሱና የበጀት ሠንጠረዡ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ በማየት ነውና።

በምርምር ዘዴ ትምህርት የሚሰጠው ምክር ግን ሌላ ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ የጥናቱን ዳራ፣ ቀጥሎ የችግሩን መግለጫ፣ ከዚያም ቀደም ሲል የተጻፉ ሥራዎችን ዳሰሳ ያዘጋጃል፤ በጀቱን የሚሞላው የማስገቢያው ቀን ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜም ከባልደረባው ማመልከቻ እየገለበጠ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆን ይሆናል፤ ለአነስተኛ ድጎማ ግን ጎጂ ነው። በጀት አጥኚው ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ማንን እንደሚያነጋግርና የትኛውን ሰነድ እንደሚያነብ የሚናገር፣ ከገጾቹም ሁሉ ለማስመሰል እጅግ የማይመች ገጽ ስለሆነ፣ ቀድሞ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው።

«የሕግ ትምህርት ጥራት በኢትዮጵያ» በሚል ርእስ ሥር የሁለት ሰው የስድስት ቀን ውሎ አበል፣ ማለትም ከመደበኛ የሥራ ቦታው ርቆ ለሚሠራ ሰው በቀን የሚታሰበው የምግብና የመኝታ ወጪ፣ እንዲሁም የመጓጓዣና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ከተመዘገበ፣ ርእሱ አገሩን ሁሉ ቢጠራም ጥናቱ ከአንድ ከተማ አይወጣም። ሠንጠረዡ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አመልካቹ በስድስት ቀን በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ምን ሊነበብ እንደሚችል ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ ርእሱም ከዚያ ይወጣ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለእንዲህ ያለው ድጎማ ከሁሉ የሚመጥን አድርጎ የሚያየው የቋንቋን ጉዳይ ነው። የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን በሕግ ይወስናሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ካረቀቁት በኋላ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ በመሆኑ፣ ተማሪው በክፍል አንዱን ቅጂ ያነባል፤ አማርኛ በሚሠራበት ችሎት ያለው ዳኛ ደግሞ ሌላውን ይጠቅሳል። በሁለቱ መካከል የሚጠፋውን ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል፣ ማለትም ተማሪዎች በመምህር ክትትል ለአቅመ ደካሞች ክስና መልስ በሚያዘጋጁበት ቢሮ፣ የተጻፉ ሠላሳ ክሶችን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ከተዘረዘሩት ነጥቦች ጋር እያስተያዩ ማንበብ ይበቃል። «ኮዝ ኦፍ አክሽን» ምን እንደሆነ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምሮ ያብራራ ተማሪ፣ በአማርኛ ክስ ሲጽፍ የክስ ምክንያቱን ትቶ የባለጉዳይዋን ኑሮ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ይተርካል፤ በዳኝነት ጥያቄውም «ተገቢው ፍትሕ ይሰጠኝ» ብሎ ይዘጋል፤ ምን ያህል ገንዘብ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጠየቅ ግን ከወረቀቱ ላይ አይገኝም። ለዚህ ጥናት ከሚያስፈልጉት ወጪዎች ዋናው፣ ክሶቹ ከመነበባቸው በፊት የባለጉዳዮችን ስም ለሚሸፍን ረዳት የሚከፈለው ነው፤ ይህ መስመር የሌለበት በጀት የባለጉዳይን ምስጢር ያላሰበ አጥኚ ያቀረበው ነው።

ሕግን ለማጥናት መጽሐፍና ወንበር ይበቃል፣ ድጎማም አያስፈልግም የሚሉ ምሁራን አሉ። የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን የሚመረምረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ የታተሙት የውሳኔ ቅጾች ይህን አስተሳሰብ አጠናክረውታል። ቅጾቹ ውድ ሀብት ናቸው፤ ነገር ግን በሥር ፍርድ ቤት ተከፍተው እዚያው የተዘጉት፣ ጀማሪው ጠበቃ ሥራውን የሚለምድባቸው መዝገቦች አይገኙባቸውም። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ዐበይት ሕጎቹ ገና አዲስ ስለነበሩ፣ መምህራኑ ማስተማሪያውን ራሳቸው ማዘጋጀት ነበረባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የተጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ያትም ነበር። ከመዝገብ ተነሥቶ ማስተማር የዚያ ትውልድ ውርስ ነው።

የጽሑፉ አቅራቢ የመጀመሪያ ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ ሲመለስ፣ ገምጋሚው ከበጀቱ ጎን «መዝገቡን ማን ያወጣል?» ብሎ በእርሳስ ጽፎበት ነበር። አቅራቢው መልሱን ፍለጋ ወደ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በሲባጎ የታሰሩትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየፈታች አቧራቸውን በክንዷ ስትጠርግ ሲያይ ዋለ፤ በቀን ከስምንት የማይበልጡ መዝገቦች ማንበብ እንደሚቻልም ያወቀው በዚያን ቀን ነው። ሁለተኛው ማመልከቻ የተጻፈው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው፤ የማስተማር ልማዱም አብሮ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሥነ ሥርዓት ሕግ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ስሞቹ የተሸፈኑበት አንድ የአማርኛ ክስ ለተማሪዎቹ ይታደላል፤ ከሳሹ የሚጠይቀውን ዳኝነት እንዲያሰምሩበት ሲነገራቸውም ብዙዎቹ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ወረቀቱን ደግመው ደጋግመው ያገላብጣሉ።