የድግጣ ቢጫ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ቆቦ ላይ ወርዶ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማሽላው ላይ ነው፤ ቀጥሎ በስተምሥራቅ ዞብል ተራራ ላይ። ድግጣ የሚባለውን ቁጥቋጦ ከቁም ነገር የሚጥፈው የለም። ሜዳውን ለቆ ወደ ዳገቱ፣ ወደ ገደላገደሉ ጥግ ከፍ ላለ ግን ቢጫው ራሱ ይጠራዋል፤ አበባው እንደ ጉትቻ ተዘልዝሎ፣ ንብ ከቦት።

ዝግጣ የሚሉትም አሉ። የሳይንስ ስሙ ካልፑርኒያ ኦሪያ ነው፤ ‹ኦሪያ› በላቲን ወርቃማ ማለት ነው፤ ለአንድ ቁጥቋጦ ትልቅ ማዕረግ! የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ስስ ቆባው ይመሰክራል። ከኛ አገር እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። እዚያ ለውበቱ ብለው ግቢያቸው ውስጥ ይተክሉታል፤ እኛ ውበቱን ትተን ምሬቱን ወደድንለት።

ምሬቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቅጠሉ ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጥና የከብቱ ገላ ይታሽበታል፤ ቅማልና መዥገር ያራግፋል። ተመራማሪዎችም መዥገር ላይ ሞክረውት ኃይሉን አይተዋል። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅም ጎተራ ይገባል። አንዳንድ ቦታ ፍሬው ወንዝ ውስጥ ተጨምሮ ዓሣ ያሰክራል፤ እንግዲህ የሚጠጣ መድኃኒት አድርጎ የሚደፍረው ሰው ቢጠነቀቅ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኩራቱ ነው። በግጦሽ በተራቆተ ዳገት ላይ ሌላው ቅጠል ሁሉ ሲመለጥ፣ ከብቱ እምብዛም ስለማይነካው ድግጣ አረንጓዴ እንደለበሰ ይቆማል።