ቁጥሩ ምኑን ነው የሚቆጥረው?

የድረ ገጽ ፈተና የሚጽፍ ባለሙያ በኤክስፓዝ (በገጹ ላይ ያለን ነገር በሚጠቁመው ቋንቋ) ተራ ቁጥር ስለተጠቀመ ብቻ ሥራው ደካማ ነው አይባልም። መታየት ያለበት፣ ቁጥሩ የነገሩ ማንነት ነው ወይስ ዛሬ እንዳጋጣሚ የተቀመጠበት ቦታ የሚለው ነው። የወራትን ዝርዝር እንውሰድ። ጳጉሜን መጨረሻ ላይ መሆኗ የዘመን አቆጣጠራችን ሥርዓት ስለሆነ «የመጨረሻው» ብሎ መጠቆም ያስኬዳል። «13ኛው» ያለ ግን፣ ከላይ «ወር ይምረጡ» የሚል መስመር ካለ ነሐሴን ይዞ ይመለሳል፤ ኤክስፓዝ ከብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች በተለየ ከ0 ሳይሆን ከ1 ቢቆጥርም እንኳ።

የወረዳ ስም ግን እንደ ወር አይደለም። ሜጫ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በተከፈለ ጊዜ፣ በፊደል ተራ የተደረደረ የያኔው የምዕራብ ጎጃም ዝርዝር ምን እንደሚሆን ልብ ይበሉ። ከ«መ» አንድ ስም ይወጣል፤ ወደ «ሰ» አንድ፣ ወደ «ደ» አንድ ይገባል። ቡሬ «በ» ላይ ስለሆነች አንዱ ጎድሎ ሌላው ተተክቶ በነበረችበት ቁጥር ትገኛለች፤ ጃቢ ጠህናንና የዞኑ መቀመጫ ፍኖተ ሰላም ግን አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቡሬን በቁጥር የሚመርጠው ፈተና በትክክል ያልፋል። ፍኖተ ሰላምን የሚፈልገው ሌላ ስም ይመርጣል፤ ቅጹ የትኛውንም ስም ስለሚቀበል እሱም ያልፋል። የሚያስፈራው ይኼኛው ነው፤ የወደቀ ፈተና ቢያንስ ይናገራል።

ከዚህ የረቀቀው ስህተት ቅንፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዞን የራሱ ሠንጠረዥ ባለው ገጽ ላይ «ሁለተኛው ረድፍ» ያለ ቅንፍ ከተጻፈ፣ የየሠንጠረዡን ሁለተኛ ረድፍ ሁሉ ይሰበስባል። ከገጹ ሁሉ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው መግለጫውን በቅንፍ አጥሮ ቁጥሩን ከውጭ ያኖራል። ፈተናውን የሚያስኬደው ሴሊኒየም አንድ ነገር ብቻ ሲጠየቅ ካገኛቸው የመጀመሪያውን ዝም ብሎ ስለሚያነሳ፣ ቅንፉን የዘነጋ ጸሐፊ ስህተቱን ላያውቀው ይችላል። የማጣሪያዎች ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው፦ ቡሬ ያለባቸውን ረድፎች ለይቶ የመጀመሪያውን መውሰድ ሌላ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ይዞ ቡሬ መሆኑን መጠየቅ ሌላ።

«ጽሑፍስ ይታመናል ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። አንዱ «ፍኖተ ሰላም»፣ ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ብሎ ይጽፋል፤ ለአንባቢ አንድ፣ ለኤክስፓዝ ሁለት። «ቡሬ የሚል ያለበት» ቢባል ቡሬ ዙሪያም ይገባል፤ በአገር አቀፍ ዝርዝር ላይ ደግሞ የኢሉ አባቦሯ ቡሬ ትጨመራለች። ይህ ግን ጽሑፍን በጥንቃቄ ለመያዝ እንጂ ወደ ቁጥር ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ ዞኑን፣ ከዚያ ሙሉውን ስም መያዝ ይቻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ገጹን ከሠራው ሰው ለየወረዳው የማይለወጥ መለያ ኮድ መጠየቅ ነው። ያ ካልተገኘ እንኳ፣ ምን እንደተፈለገ የሚናገር ረጅም መግለጫ ከአጭር ቁጥር ይበልጣል።

ዝርዝሩ በፊደል ተራ መደርደሩን የሚፈትን ሰው ግን ቁጥርን መፍራት የለበትም። ጃቢ ጠህናን ከደጋ ዳሞት ቀጥሎ መምጣቷን ያለ ቦታ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።