ሥሩን ላወቀ የተከፈተ መዝገብ፦ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ሲፈተሽ

በተሰጡት ፊደላት ቃል ማውጣት ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ውስጥ ለሚያድግ የሐበሻ ልጅ ጨዋታ ነው። ኤ፣ ኢ፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ቢሰጡት «ቲርስ» ብሎ እንባን፣ «ሬትስ» ብሎ ተመንን፣ «ስቴር» ብሎ ማፍጠጥን ያወጣል። ኮምፒውተር ይህን ሲሠራ የየቃሉን ፊደላት በኤ ቢ ሲ ዲ ተራ ያሰልፍና ሰልፋቸው አንድ የሆነውን ሁሉ በአንድ ቋት ያኖራል፤ ስለ ትርጉም የሚጠይቀው የለም። ያው ልጅ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»ን ቢገልጥ ግን የለመደው ዘዴ አይሠራለትም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ አንባቢው ቃሉን ከማግኘቱ በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንዲያውቅ ይጠይቃል። የመጽሐፉ ታላቅነትም ድክመትም ከዚሁ ጥያቄ የሚነሣ ይመስለኛል።

ሥራው የሦስት ሊቃውንት ቅብብሎሽ ነው። የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ላሳተመው የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት የረዱት እኒህ ሊቅ ናቸው። ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ኢየሩሳሌም ሆነው ለብዙ ዘመን ደከሙበት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉም አደራው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ነበር። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። ደስታም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አስከተሉ።

ንባቡ በግእዝ፣ ፍቺው በአማርኛ ነው። ሰዋስው ከመዝገበ ቃላቱ ይቀድማል፤ ቅደም ተከተሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ያላነበበ በሁለተኛው መንገድ ይጠፋበታል። ቃላቱ የተደረደሩት በሥር ፊደላቸው ስለሆነ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት፣ ጸሓፊ የሚባሉት ሁሉ በጸሐፈ ሥር ይሰበሰባሉ። መ እና ት ዕርባታ ያመጣቸው ጭማሪዎች እንጂ የቃሉ አካል አይደሉም። እንግሊዝኛው ጨዋታ ፊደላቱን እንደ ልብ ሲያመሳቅል ግእዝ ተራቸውን እንደ ሕግ ይጠብቃል። ከ፣ በ፣ ረን ውሰዱ። በዚህ ተራ ከብረ ነው፤ ተራው ሲዞር በረከ (ተንበረከከ)፣ እንደገና ሲዞር ረከበ (አገኘ) ይሆናል። ሦስቱ ግሶች አንድ ዓይነት ፊደላት ቢኖሯቸውም ዝምድና የላቸውም፤ መዝገቡም በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ያኖራቸዋል። በአንጻሩ ክብር፣ ክቡር፣ መክብብ የሚሉትን ሦስት ቃላት ያየ ሰው የመጨረሻው ከሌላ ቤት መምጣቱን ፊደሉን ቆጥሮ ይለያል።

አስቸጋሪው ነገር ሥር ፊደል ራሱ ሲሰወር ይመጣል። ልደትን በለ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ቤቱ ወለደ ነው፤ ወ በዕርባታ ተውጣለች። ሀብት ከወሀበ ነው፤ እዚህም ወ የለችም። በጸሎት ውስጥ የጸለየ የ አትታይም። ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ግስ ሲወርድ የለመደው ነው። እንዲያውም ሀብት «የተሰጠ» መሆኑን ፍለጋው ራሱ ያስተምረዋል፤ የትኛውም ፊደል ተከትሎ የተደረደረ መዝገብ ይህን አይሰጥም። ግን አንድን የግእዝ ቃል በቅዳሴ መካከል ሰምቶ ትርጉሙን ለማወቅ የጓጓ ምእመን ምን ያድርግ? ሊቁ እርሱን ያሰቡት አይመስልም። መዝገበ ቃላት የማያውቅም ሰው እንዲጠቀምበት የሚዘጋጅ መሣሪያ ነው ከተባለ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ድርድሩን ያከበደው ሁለተኛ መሰናክል አበገደ ነው። ኪዳነ ወልድ ሕዝቡ የለመደውን ሀለሐመ ትተው እንደ ዕብራይስጡ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብለው ይጀምራሉ፤ የጥንቱ ሥርዐት ይህ ነው ባይ ናቸው። ክርክሩን አከብራለሁ፤ ማስረጃው ግን ከእርሳቸው ጋር አልቆመም። የሀለሐመ ተራ በደቡብ ዐረብ ጽሕፈቶች ይታወቃል፤ በ1933 እ.ኤ.አ. በቤት ሳሚስ በተገኘችው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኩኔይፎርም (በሽብልቅ መሰል ጽሕፈት) በተጻፈችው ጽላት ላይም ይኸው ተራ ተነብቧል። ሀለሐመ የኋላ ሰዎች ያበላሹት ሳይሆን ከአበገደ ጎን ለጎን የኖረ ጥንታዊ ሥርዐት ነው። አንባቢ የለመደውን ተራ እንዲተው የተጠየቀው ለደካማ ምክንያት ነው ማለት ነው።

በቋንቋው ረገድ ግን ነቀፋ አጣለሁ። አማርኛቸው የጉባኤ ቤት ጣዕም አለው፤ በአንድ አቻ ቃል አይረኩም፤ ተመሳሳዮቹን ደርድረው አንባቢው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በጆሮው እንዲመዝን ይተዉታል። ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ያነጻጽራሉ። በምስክር ጥቅስ ብዛት የአውጉስት ዲልማን የ1865 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት ይበልጣል፤ ይሁንና የእርሱ ፍቺ በላቲን ነው፤ የግእዝን ቃል በአማርኛ አእምሮ መመዘን ከውጭ ሊቅ የሚጠበቅ አይደለም። የተቃወሟቸውን ሲነቅፉ ብዕራቸው ይከራል፤ ይህም ለመዝገበ ቃላት የሚገባ ባይሆንም መጽሐፉን ሕያው አድርጎታል።

ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ሥሮችን ጠብቆ ከእንግሊዝኛ ወደ ግእዝ የሚያደርስ ክፍልም አበጅቷል፤ ስለዚህ ሥሩን የማያውቅም ይገባበታል። የኪዳነ ወልድ ሥራ ጥልቀት ሳይነካ ተመሳሳይ በር ሊከፈትለት ይችላል። ዳግመኛ የሚያሳትመው ሰው በመጨረሻው ላይ ልደት፣ ሀብት፣ ጸሎት እንዳሉ በሀለሐመ ተራ ተዘርዝረው ከየሥራቸው ጋር የሚገናኙበት ማውጫ ቢጨምር ይበቃል፤ የሊቁ ድርድር አይነካም። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ የሚመከረው ለቅኔ ተማሪ፣ ለተመራማሪና ሰዋስውን ከፊት ገጾች ለማጥናት ለታገሠ አንባቢ ነው፤ ለእነዚህ በአማርኛ ፍቺ የሚወዳደረው አላውቅም።