ግጥም ሰጪና ግጥም ተቀባይ፦ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ስላለው የአዝማሪ ጉባኤ

ስለ አዝማሪ የተጻፈው ብዙው ጥናት አዝማሪውን ብቻውን አቁሞ የሚመለከት ነው፤ ማሲንቆውን፥ ድምፁንና የቃሉን ምፀት ይመረምርና ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው እንደ ግድግዳ ጌጥ ይተወዋል። ነገር ግን በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት አገሮች፥ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ በሚዘልቀው የሰርግ ወራት በየዳሱ፥ በሌላውም ጊዜ በየጠጅ ቤቱ የሚዞሩትን ሁለት ሦስት ሰዎች፥ ይኸውም ማሲንቆ የሚገዘግዘውን ወንድ፥ አብራው የምታዜመውን ሴት (ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት)፥ አንዳንዴም ከበሮ የሚይዘውን ዘመድ በቅርብ ያስተዋለ ሰው፥ የዘፈኑ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። በእኔ አስተያየት የዚህ ጉባኤ ትንሽነት ጉድለቱ ሳይሆን የጥበቡ መሠረት ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ከወዳጆቹ መካከል አንዱ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ደጋኑን ከጭራው ሳያነሣ ፊቱን ወደ እርሱ ይመልሳል። ሰጪው የመጀመሪያውን ሐረግ በተራ የንግግር ቃል ይጥለዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ያነሣዋል፤ ሰጪውም ዜማው በሚረዝምባት በዚያች ቅጽበት ቤት የሚመታለትን ተከታይ ሐረግ ያበጃል። ወል ቤት በሚባለው ምጣኔ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚቆም ስለ ሆነ፥ ቃል ያጠረው ወይም የተረፈው ሰጪ ቢኖር፥ አዝማሪው አንድ «ኧረ» ጨምሮ ወይም አንዱን ቀለም ውጦ ያስተካክልለታል፤ የወዳጁን ኀፍረት በዜማ ሸፍኖለት፥ ብሩ በግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ስሙን ከነአባቱ እየጠራ ያወድሰዋል። ሁለት ባልንጀሮች በግጥም ሲጎሻሸሙማ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል፤ ስድቡ ከሰጪው ተነሥቶ በአዝማሪው አፍ አልፎ ባለጋራው ዘንድ ሲደርስ ለጠብ የሚያበቃ ባለቤት አይገኝለትም።

ይህ የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የቅኔ ምንጮች የሆኑበት አገር ነውና፥ በማኅሌት ባለቅኔው የዘረፈውን ሌላ ሊቅ እየተቀበለ በዜማ ሲያሰማ የሰማ ጆሮ፥ ማታ በጠጅ ቤት ያንኑ መልክ በሌላ ልብስ ያገኘዋል። አዝማሪው ከደብተራው ተማረ ለማለት አልደፍርም፤ ቤተ ክህነትም አዝማሪን በበጎ ዐይን የተመለከተችበት ዘመን ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰምና ወርቅ መፍታት የለመደ አድማጭ ባይኖር አዝማሪው ወርቁን የሚያኖርበት ቦታ አያገኝም ነበር። ከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» በተባለው ግጥማቸው ወንዝ እንዲጎድልለት የሚዘፍነውን ሰው ሞኝነት ሲያሳዩ፥ እግረ መንገዳቸውን ይህንንም ነገር የነኩት ይመስለኛል፤ ውሃ ሁሉን ይሰማል፥ «ተቀበል» ግን አይልም።

በውጭው ዓለም ቅርብ የሆነው አምሳያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ በዩጎስላቪያ ያጠናው የጉስሌ ዘፋኝ ነው፤ መሣሪያው እንደ ማሲንቆ በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር የሚጫወቱት ሲሆን፥ ዘፋኙም በመዝፈን ላይ ሳለ ይገጥማል። ልዩነቱ ግን እዚያ ገጣሚው ዘፋኙ ራሱ ነው፤ እዚህ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል።

ይህ ጉባኤ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ጠላት ሳይቀር ተረድቶት ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያደኑ እንዲገድሉ ሲያዝዝ፥ ወረቀት የማይሻውንና ባለቤቱ የማይያዘውን ቃል መፍራቱ ነበር። ወዳጁስ ምን አደረገ ቢባል፥ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ጎጃም ግሽ ዓባይን፥ ጎንደር ፋሲለደስን፥ ወሎ ላሊበላን አቆሙ። እነዚህ ቡድኖች የገጠሩን ዜማና እስክስታ ለብዙ ሕዝብ እንዳደረሱ መካድ ግፍ ነው። ሆኖም ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎና ታይቶ በሚወጣበት፥ ሕዝቡም በረድፍ ተቀምጦ በሚያጨበጭብበት አዳራሽ፥ ግጥም ሰጪው ተመልካች ሆኖ ቀረ፤ አዝማሪውም በትርፉ ዝናና ደመወዝ አገኘ።

ደመወዙን የማነሣው በከንቱ አይደለም። የጠጅ ቤቱን ወዳጅነት እኩልነት አድርጎ መሣል ሐሰት ይሆናል፤ አዝማሪ ለደስታ ሁሉ ይጠራል፥ ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቅ ግን ዘር የሚቆጥርበት ብዙ ነው። ቮልፍ ሌስላው ያጠኑት፥ አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት ስውር ቋንቋም የሚያስረዳው፥ በወዳጆች መካከል እንኳ ተቀምጠው የራሳቸው አጥር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው። ሰጪው ገጥሞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ተቀባዩ ማሲንቆውን በነጠላ ሸፍኖ፥ ሚስቱን አስከትሎ፥ በደጋው ብርድ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

የድምፅ ቅጂዎቻችንም ያንኑ የአዳራሹን ስሕተት ይደግማሉ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ሲያስቀርጹ ከወዳጆቻቸው ጉባኤ ርቀው ነበርና ምርጫ አልነበራቸውም፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ከአዝማሪው አፍ ሥር ብቻ መቅረጫ የሚደቅን ሰብሳቢ ግን ምክንያት የለውም። ሁለተኛ መቅረጫ በጠጪዎቹ ወንበር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሐረጉ በንግግር ሲጣልና በዜማ ሲነሣ የተለወጠው ቀለም ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ፈቃዱ ከሆነም የሰጪው ስም ከግጥሙ ግርጌ ይግባ። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ በማግስቱ «እኔ አላልሁም» ማለታቸው አይቀርም፤ እርሱም አብሮ ይመዝገብ።