ከኤረር በር የሚጀምር የዓለም ታሪክ፤ በቤት ለሚማሩ ሕፃናት በሚመረጡ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒስ

በሐረር ጁገል በስተምሥራቅ የሚገኘው ኤረር በር፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደታነጸ ከሚነገርለት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። በዚህ በር አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ታሪክን አስቀድሞ የሚሰማው በቤቱ ነው። ከከቢሩ ዘንድ በቁርኣን ጌይ ወይም ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ሲመለስ፣ ያለፈውን ዘመን የሚያወሩለት አያቶቹ ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ደግሞ የቤት ትምህርት ለጥቂቶች የተተወ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። ወላጅና አስጠኚ የመምህሩን ቦታ ሲይዙ ምን ዓይነት መጽሐፍ በእጃቸው ሊኖር ይገባል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ጎልቶ ቢታይም፣ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላም አልተዘጋም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1500 እስከ 1700 ያለው የዓለም ታሪክ እንደ ልማድ የሚጀመረው በ1492 ከኮሎምበስ ጉዞ፣ በ1498 ደግሞ ቫስኮ ዳ ጋማ ህንድ ከመድረሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ሕፃኑን በእንግዳ መርከብ ላይ አሳፍሮ የገዛ ጠረፉን ከሩቅ እንዲያይ ማድረጉ ነው። በ1517 የኦቶማን ቱርኮች ካይሮን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ፖርቱጋሎች የሐረር ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣባትን ዘይላን አቃጠሉ፤ በ1520 ሡልጣን አቡበከር ኢብን ሙሐመድ የአዳልን መንበር ወደ ሐረር አዛወረ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ያየ ልጅ ሊዝቦንና ኢስታንቡል ስለ ምን እንደሚፎካከሩ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለዚህ ዘመን ከሚነበቡት መጻሕፍት ቀዳሚው የዓረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ነው። ደራሲው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወገን ሲሆን፣ በ1529 የሽንብራ ኩሬውን ውጊያና ከዚያ በኋላ የተካሄዱትን ዘመቻዎች የፈረሰኞችንና የቦታዎችን ስም እየጠራ ይተርካል። ሕፃናት የሚወዱት ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ አደጋውም ከዚያ ይመነጫል። የቤተ ክርስቲያን መቃጠል በመጽሐፉ ውስጥ የሚቀርበው እንደ ምስጋና ምክንያት ነውና፣ ብቻውን የሚያነበው ልጅ ከእሳቱ ማዶ ሌላ ሕፃን እንደነበረ አይታየውም። በአንጻሩ የፖርቱጋሉ ወታደር የሚጌል ደ ካስታንዮሶ ዘገባ፣ በ1564 በሊዝቦን የታተመው፣ በ1541 ምጽዋ የደረሱትን አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ጀግንነት ብቻ ያጎላል። የነፍጠኞቹ አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የዚያው የቫስኮ ልጅ ነበር፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። የአጼ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልም በበኩሉ ንጉሡን ከማወደስ አይወጣም።

ከሦስቱ የትኛውም ብቻውን ለቤት ትምህርት አይበቃም። «ፉቱሕ» ፖርቱጋሎች ከመምጣታቸው በፊት ባለው ዘመን ላይ ያበቃል፤ ሁለተኛው ክፍል አልተገኘም። ስለሆነም ኢማሙ በየካቲት 1543 በወይና ደጋ የሞተበት ቀን የሚነበበው ካሸነፉት ወገኖች ብዕር ነው። ይህን ለልጁ መንገር ዓመተ ምሕረት ከማስሸምደድ ይበልጣል።

የስሙም ጉዳይ አለ። በአንዱ ቤት «ኢማም»፣ በሌላው ቤት «ግራኝ» ይባላል፤ ሁለቱ ቤቶች ግን አንድ አጥር ሊጋሩ ይችላሉ። አንደኛውን ስም ከቤቱ የሚያስወጣ ወላጅ ልጁን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ሌላውን ስም ልጁ የሚሰማው ግን ከጎረቤት ልጅ በጠብ መካከል ይሆናል። «ግራኝ» በግራ እጁ የሚጠቀም ማለት ብቻ መሆኑን፣ ሶማሊዎችም «ጉሬይ» ሲሉ ያንኑ ማለታቸው መሆኑን አስቀድሞ የተማረ ልጅ ግን ለጠቡ የሚሆን ነገር አያገኝም።

ጦርነት ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ የሚያሳየው ሌላው መጽሐፍ ማድ ቤት ነው። ለቤት አስተማሪ ከክፍል መምህር የተሻለ ዕድል የሚሰጠውም ይኸው ነው። በርበሬና በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ በቆሎ በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉ መነሻውን ይመሰክራል። ቡና ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፦ ከዚህ አገር ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ካይሮ፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ኢስታንቡል ቡና ቤቶች፣ በተከታዩ መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ። ወጥ እየተሠራ፣ ቡና እየተቆላ ይህን ማስረዳት የሚችል እናት ወይም አባት ካርታ ብቻ ይበቃዋል።

ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 በዚሁ በር ስለገባ ታሪኩን ከእርሱ የሚጀምሩ አሉ። መጽሐፉ ንቀት የበዛበት ከመሆኑም በላይ ለተያዘው ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከሁሉ ይልቅ መጻሕፍቱ በጥቂት ቃል የሚያልፉት፣ በቤት ግን ሊሰፋ የሚገባው የሁለቱ እናቶች ጉዳይ ነው። የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ በኢማሙ ሠራዊት ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበር። የኢማሙ ልጅ ደግሞ በወይና ደጋ በገላውዴዎስ ሠራዊት እጅ ወደቀ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ፣ ጦርነቱ ባሎቻቸውን ከወሰደባቸው በኋላ፣ ተላልከው ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ድል ወንበራ ኋላ ኑርን አገባች፤ ኑር በ1559 ገላውዴዎስን ገደለ፤ በሟቹ ዙፋን የተቀመጠውም ያ በልውውጡ የተመለሰው ሚናስ ነበር።