አምስት ሳንቲ ሜትር ውኃ

መሣሪያው ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ የኦክስጅን ምንጭ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ባለሁለት ጫፍ ለስላሳ ቱቦ፣ ውኃ የያዘ ጠርሙስ። ኦክስጅኑ ከሲሊንደር ወይም ከኮንሰንትሬተር ተነሥቶ በፍሎው ሜትር ተለክቶ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ይሄዳል። የተረፈው አየር፣ ሕፃኑ ከሚያስወጣው ትንፋሽ ጋር፣ በሌላ ቱቦ ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ ይጠልቃል። የቱቦው ጫፍ ውኃው ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ከገባ፣ አየሩ ለመውጣት የ5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ክብደት መግፋት አለበት። ያው ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ይደርስና በየትንፋሹ መጨረሻ ሊጣበቁ የሚደርሱትን የአየር ከረጢቶች ከፍቶ ያቆያቸዋል። ባብል ሲፓፕ የሚባለው ይህ ነው። ግፊቱን የሚወስነው ማስመሪያ ነው።

ጠርሙሱ ቀረብ ተብሎ መታየት አለበት። ጎኑ ላይ የሳንቲ ሜትር ምልክት ተለጥፏል። ዜሮው የሚጀምረው ከጠርሙሱ ሥር ሳይሆን ከውኃው ገጽ ነው፤ የሚለካው ከገጹ እስከ ቱቦው ጫፍ ያለው ጥልቀት ነውና። ቱቦው ወደ ላይ እንዳይንሸራተት የጠርሙሱ አፍ ላይ ይታሰራል። አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከተደፈነ ሳንባው ላይ የሚያርፈው ግፊት ምልክቱ ከሚለው በላይ ይሆናል። ውኃው ሲተን ደግሞ ግፊቱ ማንም ሳያውቀው ይወርዳል። ስለዚህ ነርሷ ደጋግማ ታያለች፣ ሲጎድል ትሞላለች።

አፍንጫው ላይ ያለው ሥራ ከጠርሙሱ ይከብዳል። ጫፉ ቀጭን ከሆነ አየር በጎን ያመልጣል። ወፍራም ከሆነ ቆዳውን ተጭኖ ያነጣል፣ ሳይቆይም ያቆስላል። ልኩ፣ ቀዳዳውን ሞልቶ ቆዳውን ሳያነጣ የሚቀመጠው ነው። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ግድግዳም መጫን የለበትም። ሁሉም ልክ ከሆነ ጠርሙሱ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ዝም ካለ ወይ ቱቦ ወልቋል፣ ወይ ሕፃኑ አፉን ከፍቷል፣ ወይ ኦክስጅኑ አልቋል። በርቀት የተቀመጠች እናት እንኳ ዝምታውን ትሰማለች፤ ከብዙ ውድ ማሽን ደወል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የማያቋርጥ ግፊትን ለጨቅላ ሕፃናት የሞከሩበትን ሥራ ያሳተሙት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ከ20ዎቹ ሕፃናት 16ቱ ተርፈዋል። ባንግላዴሻዊው ሐኪም ጆባየር ቺሽቲ ደግሞ በዳካ ሆስፒታል ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ተጠቅሞ፣ በሳንባ ምች ኦክስጅን ያነሳቸውን ሕፃናት በዕጣ መድቦ አነጻጸረ። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጠርሙሱ ከታከሙት 79 ሕፃናት 3፣ በተለመደው ዝቅተኛ ኦክስጅን ከታከሙት 67 ደግሞ 10 ሞተዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ማላዊ፣ ሳሊማ ሆስፒታል፣ ተመሳሳይ ዘዴ በ644 ሕፃናት ላይ ሲሞከር ውጤቱ ተገለበጠ፦ በባብል ሲፓፕ 17 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን 11 በመቶ ሞቱ። እዚያ ሐኪም በየዕለቱ ሕፃናቱን አይከታተልም ነበር። ሕፃናቱም ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ነበረባቸው። ውኃ ውስጥ የጠለቀ ቱቦ ሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱን ጠርሙሱ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

የኢትዮጵያው ጥናት የተሠራው ይህን ስንጥቅ እያየ ነው። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከዳካዎቹ ጋር ሆኖ 12 ጠቅላላ ሆስፒታሎችን መረጠ። ዕጣው የወጣው ለሕፃናቱ ሳይሆን ለሆስፒታሎቹ ነው፤ ስድስቱ ጠርሙሱን፣ ስድስቱ የተለመደውን ኦክስጅን እንዲሰጡ። አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ አልጋ እየተንተከተከ ሌላው ዝም ቢል፣ የሚያክመው ሰው እጅ ወደ አንዱ ማድላቱ አይቀርም። ሆስፒታሉ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ይህ ፈተና ይቀራል። ሥልጠናና የሐኪም ክትትልም አብሮ ተደራጀ። ከአንድ እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸው 1,240 ሕፃናት ገቡ፤ በየወገኑ 620፣ በየሆስፒታሉ 103 ወይም 104። ይህ እኩልነት በአጋጣሚ አይገኝም።

ሕክምናው አልሠራም የሚባለው መቼ እንደሆነም ተለይቶ ተጽፏል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ሕክምና በኋላ የኦክስጅን ሙሌቱ ከ85 በመቶ በታች የወረደና የመተንፈስ ጭንቀት የታየበት ሕፃን በዚያ ይቆጠራል። ሐኪም ሳይፈቅድ ወላጆቹ ይዘውት የወጡት ሕፃንም ይቆጠራል። እንዲህ ያሉት ከመዝገቡ ቢወጡ፣ የሚወጣው በጣም የታመመው ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጠርሙሱ ወገን ሕክምና ያልሠራላቸው 5፣ በሌላው 21። የሞቱት ስድስት ሕፃናት ሁሉም ከተለመደው ኦክስጅን ወገን ነበሩ። ስሌቱ አደጋው ወደ ሩብ መውረዱን ይናገራል፤ የመተማመኛ ወሰኑ ግን ከ0.07 እስከ 0.76 ሰፍቷል። አንዱ ምክንያት በአንድ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናት እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው፤ አንድ ነርስ፣ አንድ ኦክስጅን፣ አንድ ልማድ። ስለዚህ የእነዚህ 1,240 ሕፃናት መረጃ፣ በየግላቸው በዕጣ ከተመደቡ 1,240 ሕፃናት ያነሰ ይመዝናል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ ሰፊውን ወሰን እንዳለ አስቀምጠዋል። 5ና 21 ከሚሉት ቁጥሮች ይልቅ እንዳምናቸው ያደረገኝ ይህ ነው።

ዲላ ላይ ሆኖ ይህን ጥናት የሚያነብ ሐኪም አንድ ነገር ይጨምርበታል። በዙሪያው ያለው የጌዴኦ መሬት ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ጣት ላይ የሚታሰረው የኦክስጅን ሙሌት መለኪያ በከፍታ ቦታ ጤነኛ ሕፃን ላይም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ በጌዴኦ ከፍተኛ ቦታ ላይ የተለካ 89 በመቶ እና ዲላ አልጋ ላይ የተለካ 89 በመቶ አንድ ክብደት የላቸውም። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ብቻውን ሲመጣ ግማሹ መረጃ ቀርቷል። የተለካበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ ያኔ ኦክስጅን ይሰጠው እንደነበር፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደነበር ከጎኑ መጻፍ አለበት።