አሸዋ ከመለካት ወደ ኃላፊነት፦ የ«ሳንድዎች» መመሪያ በትንንሽ ደሴቶች ትምህርት ቤቶች

የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት በብዙ አገር የቃል ትምህርት ብቻ ሆኖ ሲቀር ይታያል። ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚገባው ይነገረዋል እንጂ በደጁ ያለውን ለውጥ ራሱ እንዲመረምር አይደረግም። በጊሊያን ካምበርስና በፖል ዳይመንድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የታተመው የ«ሳንድዎች» መመሪያ ይህን ጉድለት ለማረም የቀረበ ሥራ ነው። እንቅስቃሴው የተጠነሰሰው በካሪብያን ደሴቶች ሲሆን፣ ኋላ ወደ ሕንድና ወደ ፓስፊክ ውቅያኖሶች ደሴቶች ተስፋፍቷል።

መመሪያው አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነዚህም መከታተል፣ መተንተን፣ ውጤቱን ለሌሎች ማካፈልና እርምጃ መውሰድ ናቸው። ተማሪዎች ከአንድ ቋሚ ዛፍ ወይም ሕንፃ ተነሥተው ውኃው ከፍ ብሎ እስከደረሰበት ምልክት ድረስ የባሕሩን ዳርቻ ስፋት ይለካሉ፤ የአሸዋውን ዓይነት ይለያሉ፤ የተጣለውን ቆሻሻ ይቆጥራሉ። በዚህም ሒሳብ፣ ሳይንስና ጂኦግራፊ በአንድ ሥራ ይገናኛሉ። ከሥራው አብዛኛው በሜትር፣ በሰዓትና በደብተር የሚከናወን መሆኑ ለድኻ ትምህርት ቤት ትልቅ ጥቅም ነው። የመመሪያው ዋነኛ ብልጫም ፍርድ ከመስጠት በፊት ልኬትን ማስቀደሙ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች ሳይጠቀሱ ሊታለፉ አይገባም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። በማልዲቭስ ደሴቶች የሞንሱን ነፋስ አቅጣጫውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀይር፣ የባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ከደሴቲቱ አንዱ ወገን ወደ ሌላው ይጓዛል፤ ወቅቱ ሲለወጥ ደግሞ ይመለሳል። በአንድ ወር ብቻ የለካ ክፍል ወቅታዊውን ጉዞ እንደ ዘላቂ ጥፋት ሊቈጥረው፣ ወይም እውነተኛውን ጥፋት ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። መመሪያው ልኬቱ እንዲደጋገም ያሳስባል። ነገር ግን ሥራው በአንድ ትጉህ መምህር ፈቃድ ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ መምህሩ ሲዛወር መዝገቡም አብሮ ይቋረጣል።

ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚከብደውም፣ የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ለተማሪ የሚቀርቡት እርምጃዎች በአብዛኛው ቆሻሻ መልቀምና ተክል መትከል ናቸው። አሸዋው የሚያልቀው ግን ለሕንፃ ሥራ ስለሚጫን፣ ያለ ጥናት የተሠራ የባሕር መከላከያ ግንብ ጉዞውን ስለሚያግድ፣ ኮራሉ በባሕሩ መሞቅ ስለሚሞትና የውቅያኖሱ ከፍታ ስለሚጨምር ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ምክንያቶች ተጠያቂው ሕፃኑ አይደለም። ቆሻሻ በመልቀሙ ደሴቱን እንዳዳነ የተነገረው ልጅ፣ ባሕሩ ወደ ቤቱ ሲቀርብ የሚያምነው መምህሩን ሳይሆን ዓይኑን ነው።

በመሆኑም የመመሪያው ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ማካፈል፣ ከአራተኛው የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። የተማሪዎች መዝገብ ለደሴቱ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ምክር ቤቱም መልስ እንዲሰጥበት ሲደረግ፣ ልኬቱ የዜግነት ትምህርት ይሆናል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም መዝገቡን የመምህሩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ንብረት አድርገው መደንገግ፣ የልኬቱንም ቀን በትምህርት ዘመን ሰሌዳ ውስጥ ማስገባት ይኖርባቸዋል።

ይህ አስተያየት ባሕር ለሌለው ትምህርት ቤትም ይሠራል። ከግቢው ጀርባ የሚሰፋ ቦረቦር ካለ፣ ስፋቱን ከክረምት በፊትና በኋላ በየዓመቱ ለክቶ መመዝገብ ይቻላል። የሥራው መመዘኛ ተማሪዎች ስንት ከረጢት ቆሻሻ ለቀሙ የሚለው ሳይሆን፣ መዝገቡ ከአምስት ዓመት በኋላም በአዲስ መምህር እጅ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው።